በቤተሰብ የሚሠራ መጋረጃ

«መጋረጃው ኃይሉን ከምን ያግኝልዎት?»

እታገኝ ጠያቂውን ቀና ብላ አየችው። ጊዜው ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ግንቦት፣ ቦታው አዳማ፣ ማማ አምስት፣ ሃያ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። ጠያቂው ናሆም የሚባል የመጋረጃ ሻጭ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጥፍሮቹን የሞረደ፣ ሲናገር አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል የሚያደርግ ወጣት። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የውሉን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አኑሮላታል።

መጋረጃ መግዛቱ ምርጫ አልነበረም። በዚያ ዘመን አዳማ ላይ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ፀሐይ የገባበት ክፍል ሰው አያኖርም። አንድ መስኮት ሳይሸፈን ከዋለ ሙቀቱ በግድግዳው አልፎ ጎረቤት ይገባል። ስለዚህ የማማው አስተዳደር በእጅ የሚሳበውን መጋረጃ ከለከለ። ሞተር ያለው፣ ከቤቱ ጋር የሚግባባ፣ ሰዓቱን ጠብቆ የሚወርድና የሚወጣ መጋረጃ ያልገጠመ ሰው ቤቱን ለተረኛ ይለቅቃል። ተረኛ ደግሞ ሞልቷል፤ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ውስጥ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ። እታገኝ በአሳንሰሩ በወረደች ቁጥር ታያቸዋለች።

«ላንብብልዎት እናቴ?» አላት ናሆም።

በዚያ ቤት ሌላው ነገር ሁሉ ይናገራል። ምድጃው ይናገራል፣ በሩ ይናገራል፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ሳይቀር «አንድ ፍሬ ብቻ» ይላል። ሰው ፊደል መቁጠር ከተወ ሁለት ትውልድ አልፎታል። ውል ሲሆን ግን ቤቱ ዝም ይላል። ድምፅ ሰውን እንዳያባብል ተብሎ የወጣ ሕግ ነው። ውል በዓይን ይነበባል፤ ማንበብ ለማይችል ሻጩ ያነብለታል።

«ራሴ አነባለሁ» አለች እታገኝ።

ባሏ ደጀኔ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቅንድቡን አነሣ። ትምህርት ከጀመረች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ያስጀመራትም ፍርሃት ነው። ባለፈው ዓመት ልጇ ምንታምር ትኩሳት ይዟት ስትንቀጠቀጥ፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ድምፁ ተበላሽቶ ዝም አለ። እታገኝ ብልቃጡን ይዛ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች፤ ጽሑፉ ብልቃጡ ላይ ተለጥፎ እያየችው ስንት ልስጣት የሚለውን ማወቅ አልቻለችም። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ምድር ቤት፣ ከውኃ ፓምፑ ክፍል አጠገብ፣ ጋሽ ወንድይራድ የሚባሉ ሽማግሌ ፊደል እንደሚያስተምሩ ሰማችና ወረደች።

ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ሦስት ቃላት አሉ፤ ከየቃሉ ጎን ባዶ ሣጥን። ከመጀመሪያው ቃል ፊደሎች አንዱን ብቻ አወቀች። ሁለተኛው ላይ ጭራሽ ያላየችው ፊደል ነበረበት። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ግን ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ጋሽ ወንድይራድ ሐሙስ ዕለት በጠመኔ ግድግዳው ላይ የጻፉት ቃል ነው። መንገድ ላይ ዘመድ ያገኘች መሰላት።

«ከ… ቤ… ተ… ሰብ» አለች። ቀጥላም ጮክ ብላ «ከቤተሰብ!»

የደጀኔ እናት እማማ ሸጊቱ ከውስጥ ክፍል ሆነው «እልልል!» አሉ፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ እውነት። ደጀኔ ሳቀ። ምንታምር እጆቿን አጨበጨበች።

«ግሩም ምርጫ ነው» አለ ናሆም። አንገቱን ዘንበል አድርጎም «ሌሎቹን ሁለቱን አይተዋቸዋል አይደል?» ብሎ ጠየቃት።

«አይቻቸዋለሁ» አለች እታገኝ።

አውራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ከሦስቱ የመረጠችው ማንበብ የቻለችውን ነው።

*

መጋረጃ ገጣሚዎቹ በሰኔ መጀመሪያ መጡ። መስኮት ይለካሉ ብላ ስትጠብቅ መጀመሪያ የሄዱት ወደ አልጋዎቹ ነው። አንሶላ ገለጡ፣ ፍራሽ አነሡ፤ ከየአንሶላው ሥር ስስ ግራጫ ምንጣፍ አነጠፉ። ከየምንጣፉ የወጣ ቀጭን ቱቦ በግድግዳው ሥር አልፎ መስኮቱ ጋ ይደርሳል።

«ይህ ምንድነው?» አለች እታገኝ።

«ኃይሉ ነዋ እትዬ» አለ አንዱ ገጣሚ። «ሰው ሲተኛ ሙቀትና ላብ ያባክናል። ምንጣፉ ይሰበስበዋል፣ መጋረጃው ይሠራበታል። አራት ሰው፣ አሥር ዓመት። ከእናንተ የሚጠበቀው መተኛት ብቻ ነው።»

«ሌሎቹ ምርጫዎች ምን ነበሩ?»

ሰውየው ገረመው። «አላነበቡትም እንዴ? ከመብራት መስመርና ከፀሐይ ነዋ።»

እታገኝ ወደ ማድቤት ገብታ ያልቆሸሸ ድስት ማጠብ ጀመረች።

መጋረጃው ራሱ ያምር ነበር። አመድማ፣ ለስላሳ፣ ሲወርድ እንደ ቅጠል ድምፅ የለውም። አራት ሰዓት ላይ ይወርዳል፣ አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል። አስቀያሚው ከመስኮቱ ጥግ በታች የተንጠለጠለችው የብርጭቆ ኩባያ ናት። ምንጣፉ የመጠጠው ሁሉ ኃይል አይሆንም፤ የተረፈው በቱቦው ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። ቢጫ ነው፤ ቀልጦ የረጋ ሞራ ይመስላል። በላዩ ቆዳ ይሠራል፤ ቆዳው ውስጥ አልፎ አልፎ ፀጉር ይታያል። አጭሩ የደጀኔ፣ ነጩ የእማማ ሸጊቱ ነው። ጠረኑ ክረምቱን ሙሉ ያልታጠበ የትራስ ልብስ፣ ብብት፣ የበሽተኛ አልጋ ነው። እታገኝ ሰው ቤት ስትገባ ኩባያውን ገና ሳታየው ይሸታታል፤ ከዚያ በኋላ ወጡ ሁሉ እሱን እሱን ይላታል።

ኩባያውን በየሦስት ቀኑ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ወስዶ የመጋረጃው ድርጅት ባስቀመጠው ባልዲ ውስጥ መገልበጥ ያስፈልጋል። የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እታገኝ ዞረ።

«ፈራሚዋ አንቺ ነሽ» አለ ደጀኔ እየሳቀ።

ኩባያውን በጨርቅ ይዛ፣ ፊቷን አዙራ፣ በአፏ እየተነፈሰች ትወስደዋለች። በአፏ ስትተነፍስ ደግሞ የምትቀምሰው ይመስላታል።

ጧት ጧት ቤቱ ድምፁን ያሰማል። «እንደምን አደራችሁ። ደጀኔ፣ ሠላሳ ሁለት። እታገኝ፣ ሠላሳ። ምንታምር፣ ሃያ አራት። እማማ ሸጊቱ፣ አሥራ ዘጠኝ። በድምሩ መቶ አምስት። ቤተሰቡ መልካም ተኝቷል።» ከመቶ በታች ከሆነ መጋረጃው እኩሌታ ላይ ይቆማል፤ እኩሌታ ላይ የቆመ መጋረጃ ሦስት ጊዜ ከታየ አስተዳደሩ ይመጣል።

ደጀኔ አንደኛ መውጣቱን ወደደው። በሥራ ቦታው ማንም አመስግኖት አያውቅም። ማታ ማታ ጮማ መብላት፣ በሁለት ብርድ ልብስ መጠቅለል ጀመረ። «ዛሬ ሠላሳ አምስት እገባለሁ» ይላል ወደ አልጋው ሲሄድ፤ ሊጋልብ እንደሚወጣ ሰው ትከሻውን እያወዛወዘ። ጧት ጸጉሩ ግንባሩ ላይ ተጣብቆ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ረጥቦ ሲነሣ እታገኝ ቁርሱን አቅርባለት ፈንጠር ብላ ትቆማለች።

እማማ ሸጊቱ ግን በቁጥራቸው አፈሩ። «እኔ እኮ አርጅቻለሁ፤ ምን አለብኝ የሚወጣ?» ይላሉ። ከሳምንት በኋላ እታገኝ አንሶላቸውን ስትቀይር ከትራሳቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ድንጋይ አገኘች። አሮጊቷ በምድጃው እያሞቁ አቅፈውት ይተኛሉ። እታገኝ ድንጋዩን መልሳ አስቀመጠችው።

የጎረቤታቸው የወይዘሮ ዘሀራ ግን ከዚህም የባሰ ነበር። ለዐረፋ የገዛችውን በግ ሁለት ቀን የልጇ አልጋ ላይ አስተኛችው፤ ልጇ ድሬዳዋ ለሥራ ሄዶ ነበር።

«ስሚማ እታገኝዬ» አለች ኮሪደሩ ላይ፣ ባልዲው አጠገብ ቆማ እየሳቀች፣ «ጧት ስነሣ ቤቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹አዲሱ የቤተሰብ አባል እንኳን ደህና መጣ። አርባ አንድ!› ባሌን በአሥር በለጠው! በሦስተኛው ቀን ባልዲ ሰብሳቢው መጣና ተቆጣኝ። ‹ሱፍ ገብቶበታል፤ ቅባቱን ያበላሽብናል› አለኝ።»

«ምን ቅባት?»

«አላህ ይወቀው። እኔ መች ጠየቅሁት።»

*

በሐምሌ ድርጅቱ ስጦታ መላክ ጀመረ። መጋረጃቸው ከቤተሰብ ለሚሠራ ደንበኞች ሁሉ በወር አንድ የፀጉር ቅባት። ማሰሮ የምትመስል ቆንጆ ነጭ ዕቃ ናት፤ ክዳኗ ሲከፈት በሴት ድምፅ «ከተፈጥሮ የተገኘ፣ ለልጅዎ ፀጉር» ትላለች። ቅባቱ ለጋ፣ ነጣ ያለ፣ የጽጌረዳ ሽታ ያለው ነው። ቅቤ ከገበያ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። እታገኝ ደስ አላት። ልጅ ሳለች እናቷ እሑድ እሑድ ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ ራሷን በቅቤ ትቀባት ነበር፤ ምንታምርን እንዲያ ቀብታት አታውቅም።

እሑድ ከሰዓት ምንታምር መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለእናቷ ሰጠች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ብዙ፣ ጥቁር፣ እስከ ትከሻዋ የሚወርድ ነበር። እታገኝ ቅባቱን እየዛቀች ከሥሩ ጀምራ አሸችላት።

«እማዬ፣ ቀስ! ወደ ጆሮዬ ወረደ።»

«ዝም በይ። ቅቤ ሲፈስ ነው የሚያምረው።»

በዚያ ወር እታገኝ ያገኘችውን ሁሉ ታነብ ነበር። የጫማ ሶል፣ የቧንቧ ክዳን፣ የአሳንሰር ግድግዳ፤ ሰው ያላያቸው ትናንሽ ፊደሎች በየቦታው እንዳሉ ያወቀችው ገና ነው። ማሰሮዋን ለመጨረሻው ዝቂያ ስታዘነብላት ቂጧ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ አየች። ጣቶቿ በልጇ ፀጉር ውስጥ እንዳሉ ማንበብ ጀመረች። ቀላል ቃላት ነበሩ።

«ከማማ አምስት እስከ ማማ ዘጠኝ ካሉ ቤተሰቦች… ላብና ስብ… ተጣርቶ የተሠራ።»

ሁለተኛ አነበበችው። እስከ አንጓዋ ድረስ ቅባት ውስጥ ናት። በልጇ አንገት ላይ አንድ ጠብታ ቀስ እያለ ወደ ጀርባዋ ይወርዳል። ያ ጠብታ የማን ነው? የደጀኔ? ጧት ጧት አሳንሰር ውስጥ ጉሮሮውን የሚጠርገው የአሥራ ስምንተኛው ፎቅ ሰውዬ? የዘሀራ በግ?

«ተነሺ» አለች።

«አላለቀም እኮ።»

«ተነሺ ብዬሻለሁ!»

ሦስት ጊዜ አጠበቻት። በትኩስ ውኃ፣ በሳሙና፣ በሎሚ። ልጅቷ እስክትጮህ ድረስ ቆዳዋን ፈተገችው። ከዚያ የእጅ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላ ምሳዋን አወጣችው። የታጠበው ውኃ ቧንቧው ላይ ጠጉርና ቢጫ ነገር ትቶ ወርዶ ነበር፤ ደግማ አወጣች።

ስትነግራቸው ሁሉም ሳሎን ነበሩ። መጀመሪያ የተናገሩት እማማ ሸጊቱ ናቸው። «የኔም አለበት?» አሉ፤ ደስ ያላቸው ይመስል ነበር።

«እና ምን ይሁን?» አለ ደጀኔ። «ከላም ጡት የወጣውን ስትቀቢ አልቀፈፈሽም። ከራስሽ የወጣው ይቀፍሻል?»

«ከራሴ ብቻ አይደለም። ከአምስት ማማ ሰው ሁሉ ነው።»

«ተጣርቷል ይላል አይደል? ራስሽ ነሽ ያነበብሽው።»

በግርግሩ የመጣችው ዘሀራም እጆቿን ዘርግታ አሳየቻት። «ተይው እታገኝዬ፤ የኔን መዳፍ እዪው፣ እንደ ሕፃን አለስልሶልኛል። ላለማወቅ ነበር ማንበብ የተውነው፤ አንቺ ደግሞ ቆፍረሽ ታወጪዋለሽ።»

እታገኝ አየቻቸው። ሁሉም ፊታቸው ያብረቀርቃል። ከስቡ ይልቅ ይህ ነው ያቅለሸለሻት፤ ሰው የራሱን ሞራ መልሰው ሲቀቡት እንዴት ፊቱን ወደ መስታወት ያዞራል?

ምንታምር ተነሥታ ክፍሏ ገባች። ስትወጣ ጸጉሯን ከሥሩ ቆርጣው ነበር፤ ጭንቅላቷ የተላጨ ሕፃን ይመስላል።

«ከዚህ ቤት መሄድ እፈልጋለሁ» አለች።

*

መሄጃም ነበራት። አርባ ምንጭ፣ ሐይቅ ዳር ያለ የዓሣ እርባታ ትምህርት ቤት ከተቀበላት ሁለት ወር ሆኗታል፤ ፈርታ አልተናገረችም። ትምህርቱ በጥቅምት አንድ ይጀምራል፤ ያን ቀን ያልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

«እንዴት ትሄጃለሽ?» አለ ደጀኔ። ሊቆጣ ፈልጎ ድምፁ ልመና ሆነበት። «ገጣሚው ምን አለ? አራት ሰው፣ አሥር ዓመት። አንቺ ስትሄጂ ሃያ አራት ጎደለ ማለት ነው። መጋረጃው እኩሌታ ይቆማል፤ እኛ ምድር ቤት ሻንጣችን ላይ እንቀመጣለን።» ወደ ግድግዳው ቀና አለ። «ቤቱ! ምንታምር ብትሄድ ምን ይሆናል?»

«ቤተሰብ አብሮ ሲሆን ያምራል» አለ ቤቱ። «ስለ ውል መናገር አልችልም።»

«ሰማሽ?» አለ ደጀኔ።

ምንታምር እናቷን አየቻት። አልወቀሰቻትም፤ ግን አየቻት። አሥር ዓመት ማለት ለልጅቷ ሃያ ሰባት ዓመት መሙላት ማለት ነው። እታገኝ በዚያ ግንቦት ቀን የተነሣውን እልልታ አስታወሰች፤ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸባት።

በማግስቱ ውሉን ይዛ ምድር ቤት ወረደች። ሦስት ቅጠል ወረቀት ነው፤ በሁለቱም በኩል የተጻፈ። ጋሽ ወንድይራድ ብቻቸውን ተቀምጠው ጠመኔ ይቆርጣሉ። በወጣትነታቸው፣ ጋዜጣ በወረቀት ይወጣ በነበረበት በመጨረሻው ዘመን፣ አራሚ ነበሩ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይህችን ያንብቡልኝ። የልጄ ነገር ነው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ዳሰሱት፣ አሸተቱት፤ መለሱላት።

«አንቺ ልጅ፣ ሦስት ወር ስታዪኝ አልገባሽም? ዓይኔ ጥላ እንጂ ፊደል አያይም። የማስተምራችሁ እጄ በሚያውቀው ነው።»

«ታዲያ ማን ያነብልኛል?»

«ናሆም የምትዪው ልጅ አለ።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ። «ወይም ደግሞ አንቺ አለሽ። የማታውቂውን ፊደል መዳፌ ላይ በጣትሽ ጻፊልኝ፤ እነግርሻለሁ።»

እንዲያ ነው የተነበበው። ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜን። ጧት ኩባያውን ትገለብጣለች፣ እጇን ታጥባለች፣ ደግማ ታጥባለች፣ ትወርዳለች። በቀን ሁለት መስመር፣ ሲከፋ አንድ። የማታውቀውን ፊደል በሽማግሌው መዳፍ ላይ ትስላለች፤ የደረቀ፣ ንጹሕ፣ የጠመኔ ዱቄት ያለበት መዳፍ ነበር። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የማይቀፋት የሰው ገላ እሱ ብቻ ነበር።

መስከረም ስምንት ቀን የመጨረሻው ገጽ ላይ አንቀጽ አሥራ ሁለት ደረሰች። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው።

«አውራ ጣቱን ያሳረፈ ሰው ለአሥር ዓመት ቤቱን አይለቅም።

ሌሎቹ የቤተሰቡ አባላት በፈቀዱ ጊዜ ቢሄዱ አይከለከሉም።

የሄዱት ሰዎች ድርሻ ከፈራሚው ገላ ይሟላል።»

ሦስተኛውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። «ገላ» የሚለውን ቃል ተሳስቼ አንብቤው ይሆናል ብላ በሽማግሌው መዳፍ ላይ ጻፈችው።

«ገላ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። ከዚያ እጃቸውን ሳይሰበስቡ ብዙ ቆዩ። «ልክ ነው ያነበብሽው። ምነው ብትሳሳቺ።»

*

አሥር ሰዓት ላይ መጋረጃው ሲወጣ እታገኝ ቤተሰቡን ሳሎን ሰበሰበች። ብርሃኑ ከታች ጀምሮ እግራቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ ፊታቸውን እያበራ መጣ። ወረቀቱን ዘረጋች። ድምፅ አውጥታ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ሳትደናቀፍ አነበበች።

«አውራ ጣቱን ያሳረፈ ሰው ለአሥር ዓመት ቤቱን አይለቅም። ሌሎቹ የቤተሰቡ አባላት በፈቀዱ ጊዜ ቢሄዱ አይከለከሉም።»

ከዚያ ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሣች።

«እንዲህ ነው የሚለው?» አለ ደጀኔ። «ገጣሚው ዋሽቶናል ማለት ነው?»

«ገጣሚውም አላነበበውም።»

ምንታምር ተጠግታ ጎንበስ አለች። ጣቷን አንቀጹ ላይ አስኬደችው፤ አንደኛው መስመር፣ ሁለተኛው መስመር። ሦስተኛው ላይ ቆመች።

«ይቺስ እማዬ? ይቺን አላነበብሻትም።»

እታገኝ የልጇን ጣት አየች። በዚያ ቤት ውስጥ ያቺ መስመር የምትለውን የሚያውቅ ከእሷ ሌላ ሰው የለም።

«አድራሻችን ናት» አለች። «ማማ አምስት፣ ሃያ ሦስተኛ ፎቅ።»

«ረዥም ናት ለአድራሻ።»

«የውል ነገር መቼ ያጥራል?»

ምንታምር ሳቀች፤ ፀጉሯን ከቆረጠች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ደጀኔ ግን አገጩን እያከከ መስኮቱን ተመለከተ።

«እሷ ስትሄድ መጋረጃውን ማን ያወጣዋል ታዲያ?»

«እኔ አለሁ» አለች እታገኝ።

ሌላ አልጠየቀም። እታገኝ ይህንን በኋላ ብዙ ጊዜ አሰበችው፤ ሌላ ሊጠይቅ ይችል ነበር።

ምንታምር መስከረም ሃያ ስምንት ቀን ሄደች። አንድ ሻንጣ፣ የእናቷ ነጠላ፣ በወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፈ ሙሉ ፊደል ከሀ እስከ ፐ። በሩ ላይ እናቷን አቅፋ ትከሻዋ ላይ አፍንጫዋን ቀበረች፤ ቀና ስትል ፊቷ ተኮማትሮ ነበር። ሽታው መሆኑን እታገኝ ገባት፤ አልተቀየመቻትም።

በማግስቱ ቤቱ «እታገኝ፣ ሃምሳ አራት» አለ።

«ጎበዝ!» አለ ደጀኔ ካልጋው ሆኖ። «በለጥሽኝ!»

በኅዳር እማማ ሸጊቱ «ብርድ ያለበት ቦታ ውሰዱኝ» አሉ። አሰላ እህት አላቸው። ደጀኔ ለሁለት ሳምንት ብሎ ይዟቸው ሄደ። በታኅሣሥ መጨረሻ ደወለና ድምፁ በግድግዳው በኩል መጣ። «እዚህ እንቅልፍ ይወስደኛል እታገኝ። ደረቅ ሆኜ ነው የምነሣው። እናቴም ድንጋዩን ጣለችው። መጋረጃው ይሠራል?»

«ይሠራል» አለች።

«እንግዲያ ጥሩ ነው።» ስለ መመለስ ማንም አላነሣም።

አሁን ጧት ጧት ቤቱ አንድ ስም ብቻ ይጠራል። «እንደምን አደርሽ። እታገኝ፣ መቶ አምስት። ቤተሰቡ መልካም ተኝቷል።» ድምፁ አልተለወጠም። ቀለበቷ ከጣቷ ወልቆ አንሶላ ውስጥ ተገኘ። ከንፈሯ በነቃች ቁጥር የተሰነጠቀ ነው፤ አንሶላዋ ግን ይጨመቃል። ኩባያዋ በየሦስት ቀኑ ሳይሆን በየቀኑ ትሞላለች፤ ከላይዋ ያለው ቆዳ ወፍራም ነው፣ በውስጡ ያለው ጠጉርም የአንድ ሰው ብቻ ነው። ባልዲው ውስጥ አትገለብጠውም። ሽንት ቤት ደፍታው ሁለት ጊዜ ውኃ ትለቅቅበታለች፤ የማንም ልጅ ራስ ላይ አይሄድም። ባልዲ ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ በሩን አንኳክቶ ነበር። «ውሉ ላይ ባልዲ የሚል የለም፤ ና አብረን እናንብበው» አለችው። ደግሞ አልመጣም። ማሰሮዋ ግን በየወሩ ትመጣለች፤ ሳትከፈት መስኮቱ ሥር ትደረደራለች።

ምንታምር እሑድ እሑድ ትደውላለች። ባለፈው እሑድ «እማዬ፣ ቁጥርሽ ስንት ነው?» አለቻት። እታገኝ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር።

«ሠላሳ» አለቻት። «እንደ ድሮው።»

«አንድ ነገር ልንገርሽ? ማንበብ ጀምሬያለሁ።»

«አውቃለሁ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል።»

«ስመጣ ያንን ውል አብረን እናነበዋለን።»

እታገኝ ወረቀቱ ያለበትን መሳቢያ አየች። ሦስተኛዋን መስመር ቀድዳ ከጣለቻት ሳምንት ሆኗት ነበር።

መጋረጃው አራት ሰዓት ላይ ይወርዳል፤ አሥር ሰዓት ላይ እስከ ላይ ይወጣል። እኩሌታ ላይ ቆሞ አያውቅም። ምንታምር ሄደች፣ እማማ ሸጊቱ ሄዱ፣ ደጀኔ ሄደ። እታገኝ ቀረች።